«መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ካላችሁ፣ ውሃ ፍለጋ ስትወጣ ለምን ትስቃላችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ካዛንቺስ ነበርኩ። ወይም ከካዛንቺስ የተረፈው ጋ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ «የት እንገናኝ?» ብሎ መቀጣጠር ራሱን የቻለ ፈተና ሆኗል። ድሮ «ቶታል ጋ» ብሎ መገላገል ነበር። አሁን ምልክት ያደረግነው ሱቅ፣ ምልክት ያደረግነው ግቢ፣ ምልክት ያደረግነው ቀይ በር ሁሉ የለም። ለማንኛውም አንድ ያልፈረሰ ካፌ አገኘንና አራት ሆነን ማኪያቶ አዘዝን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን አንዲት ቆንጆ ልጅ ያሳያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞዴል ሆና የምናውቃት ናት። ከዚያ ነጠላ ዜማ አወጣች። አሁን ደግሞ የመዝናኛ ፕሮግራም ታቀርባለች። ስሟን አልጠራም፤ ጉዳዩ የእሷ ብቻ አይደለምና።

«ይቺ ደግሞ ምን ቤት ናት? ሞዴል አልነበረችም እንዴ?» አለ አንደኛው።

«ነበረች። አሁን ዘፋኝ ሆናለች ይባላል» አለ ሁለተኛው፣ «ይባላል» የምትለዋን ረገጥ አድርጎ።

«ነገ ደግሞ ፓይለት ነኝ ትለናለች!» አለ ሦስተኛው። ሳቅ በሳቅ ሆንን። እኔም ሳቅኩ፤ አልዋሽም።

ሳቁ ሲበርድ ግን ጠረጴዛችንን አየሁት። «ፓይለት» ያለው ጓደኛችን በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ የሚኖረው መኪና በማሻሻጥ ነው። «ይባላል» ያለው የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር፤ ዛሬ ስልኩ ላይ በጫነው አፕ ሰው ያመላልሳል። «ምን ቤት ናት» ያለው ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ቆይቶ አሁን ቲክቶክ ላይ ጫማ ይሸጣል፤ ደግሞም ተሳክቶለታል። እኔ ራሴ አካውንቲንግ አጥንቼ አንድም ሒሳብ ሳልዘጋ ዓምድ እጽፋለሁ። አራታችንም ዲግሪያችን ሌላ፣ እንጀራችን ሌላ ነው። እንግዲህ እኛ ነን ተሰብስበን «ሙያዋን ለምን ቀየረች?» ብለን የፈረድንባት።

ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ ሳቅ ነው። ክርክሬም አጭር ነው፦ ሞዴል ስትዘፍን፣ ዘፋኝ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ስትቀርብ ሥራዋን እንንቀፍ። ዜማው ደካማ ከሆነ ደካማ ነው እንበል። ጥያቄዋ ባዶ ከሆነ ባዶ ነው እንበል። መሻገሯን ግን ወንጀል አናድርገው። መሻገሯን ወንጀል የምናደርገው ሙዚቃ ስለምንወድ አይደለም። ዝም ስትል ስለለመድናት ነው።

ለእሱ «ሁለገብ»፣ ለእሷ «የማታርፍ»

እስቲ የምናከብራቸውን ሰዎች እናስታውስ። ማሕሙድ አሕመድ ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት ጫማ ይጠርግ ነበር፤ አሪዞና የሚባል ክለብ ውስጥም ተላላኪነት ሠርቷል። ይህን ታሪክ ስንሰማ ዓይናችን እንባ ያቀራል፤ «ከምንም ተነሥቶ!» እንላለን። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። ምህንድስናውን ትቶ ኢትዮ ጃዝን ይዞልን መጣ። «ምህንድስናህን ለምን ተውክ?» ያለው ሰው ዛሬ የለም፤ ቢኖርም አያወራውም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሮጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ኢንዱራንስ» ፊልም ላይ ራሱን ሆኖ ተወነ፣ ሆቴል ሠራ፣ መኪና ገጣጠመ። «ሯጭ አልነበረም እንዴ? ምን ቤት ነው?» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሠራዊት ፍቅሬ ከትወና ወደ ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያ ወደ ፊልም ሥራ ሲመላለስ «ሁለገብ ባለሙያ» ተባለ። ይገባዋልም።

አሁን ወደ ሴቶቹ እንምጣ። ሳያት ደምሴ ከቁንጅና ውድድርና ከሞዴልነት ወደ ዘፈን ገባች፤ ከዘፈንም አልፋ በዚያው በሠራዊት ፍቅሬ «ሰማያዊ ፈረስ» ፊልም ላይ ተወነች። ስለ ሳያት ሲወራ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ከሰማችሁት ውስጥ ስንቱ ስለ ዜማዋ፣ ስንቱስ ስለ መልኳ ነበር? እኔ ቆጥሬ አላውቅም፤ እናንተ ግን መልሱን ከእኔ ቀድማችሁ ፈገግ ብላችኋል። አምለሰት ሙጬ ከሞዴልነት ወደ ፊልም ሥራ ተሻግራ እ.ኤ.አ. በ2019 «ምን አለሽ?» የተሰኘ ፊልም አዘጋጀች። መርካቶ ውስጥ ስላደገች ሯጭ ወጣት የሚተርክ ሥራ ነው። ስለ ፊልሙ ለመነጋገር የተቀመጠ ጀማ ብዙ ሳይቆይ ወሬው ስለ ማን ሚስትነቷ ይሆናል። ፊልሙ ተረሳ ማለት ነው። ሻይ ይምጣ።

ልዩነቱን አያችሁት? ወንዱ ሙያ ሲጨምር «ጨመረ» እንላለን። ሴቷ ስትጨምር «የፊተኛው አልበቃትም» እንላለን። ለእሱ ትጋት ነው፤ ለእሷ ቅብጠት።

ደግሞ ሌላም ጉድ አለ። ሊያ ከበደ አዲስ አበባ ተወልዳ ሊሴ ገብረማርያም የተማረች ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ገጽታ ሆነች፤ በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር፤ በ2007 የአገር ቤት ሸማኔዎችን ሥራ የሚሸጠውን «ለምለም»ን መሠረተች፤ በ2009 «ዴዘርት ፍላወር» ፊልም ላይ ዋና ገጸ ባሕርይዋን ዋሪስ ዲሪን ሆና ተጫወተች። እኛ ምን አልን? «ኩራታችን!» አልን። እኔም እላለሁ፤ ኩራታችን ናት። ግን ሞዴል፣ ነጋዴ፣ ተዋናይ፣ አምባሳደር መሆን ለሊያ ከተፈቀደ ለቂርቆሷ ልጅ የተከለከለው ለምንድነው? መልሱን ብነግራችሁ ቅር ይላችኋል፦ ሊያን ቀድመው ያጨበጨቡላት ፈረንጆች ስለሆኑ ነው። የቂርቆሷን ልጅ ግን መጀመሪያ ማየት የእኛ ተራ ነበር። እኛ ደግሞ ቀድመን ማጨብጨብ እንፈራለን።

ዝም ስትል የወደድናት

አሁን አንድ ነገር አስታውሱ። የምትወዱትን የአማርኛ የፍቅር ዘፈን ክሊፕ በልቦናችሁ ክፈቱ። ዘፋኙ አለ። መስክ አለ፣ ወይ ሐይቅ አለ፣ ወይ ደረጃ ያለው ትልቅ ቤት አለ። ከዚያ ደግሞ እሷ አለች። ዘወር ትላለች፣ ፀጉሯን ትመልሳለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ጥላው ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ዘፈኑ ስለ እሷ ነው። ክሊፑን እስከ መጨረሻው ያየነውም ስለ እሷ ነው። ስሟ ማነው?

አታውቁትም። እኔም አላውቀውም። «ክሊፑ ላይ ያለችው ልጅ» ነው ስሟ። ለዓመታት ዘፈኖቻችንን በመልኳ ተሸክማለች፤ የዘፈኑ ባለቤት ግን ሆና አታውቅም። ያን ጊዜ ማንም «ይቺ ምን ቤት ናት?» አላለም። አንድ ቀን ማይኩን ከልጁ እጅ ወስዳ «እስቲ አሁን እኔ ልበል» ስትል ነው አገር የሚናወጠው። ስለዚህ የሚያናድደን መታየቷ አይደለም። ማየቱንማ መቼ ጠላነው? የሚያናድደን መናገሯ ነው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ እናንሳ፤ ሁሉም የሚሸሸው እሱን ነው። ቂርቆስ ያደገች የአንድ ጓደኛዬ እህት ሞዴል ነበረች። ለእኛ «ሞዴል» ማለት አውሮፕላን፣ ፓሪስ፣ ውድ ሽቶ ነው። ለእሷ ግን እንዲህ ነበር፦ የፋሽን ትርዒት ላይ ትሄዳለች፤ ክፍያው «ስምሽ ይወጣልሻል» ነው። ስም ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም። የእውነት ገንዘብ የምታገኘው በኡሸርነት ነው። ካዛንቺስ የስብሰባ ሰፈር አይደል? የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚያው ነው፤ ዙሪያውን ትልልቅ ሆቴል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በረጅም ተረከዝ ቆማ ለእንግዳ ባጅ ታድላለች፣ አዳራሽ ታሳያለች፣ ፈገግ ትላለች። የፈገግታው ክፍያ አንዳንዴ በሳምንት ይመጣል፣ አንዳንዴ በሦስት ወር። አንዴ ጭራሽ ሳይመጣ ቀርቶ ወንድሟ ሊጠይቅላት ሄዶ ነበር፤ «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ ተመለሰ። በስብሰባ የተበላ ገንዘብ በስብሰባ ተሸኘ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት «ትንሽ ገፋሽ፤ አዳዲስ ልጆች እየመጡ ነው» አሏት። ልብ በሉ፣ በሃያ ስድስት ዓመት! እኔና ጓደኞቼ በሃያ ስድስታችን ገና «ሕይወቴን ምን ላድርገው?» እያልን በእናታችን ቤት ሽሮ እንበላ ነበር። እሷ ጡረታ ወጣች። ያለ ጡረታ አበል።

እናንተ «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ የአባቶች ተረት አይዋሽም። ልጅቷ ይህን ተረት ከእናንተ በላይ አምናበታለች፤ መልክ እንደማይጠጣ በኪራይ ቀን አይታዋለች። ታዲያ እሺ ብላ፣ እንስራዋን ይዛ ሌላ ውሃ ፍለጋ ስትወጣ፣ ድምፅ ልሞክር፣ ቴሌቪዥን ልሞክር ስትል፣ በር ላይ ቆማችሁ የምትስቁት ለምንድነው? ወይ መልኳ ይጠጣ፣ ወይ መንገዱን ልቀቁላት።

«ግን እኮ ድምፅ የላትም!»

መጣችሁ። ይህችን ስጠብቅ ነበር።

እውነት ነው፤ ድምፅ የሌላት አለች። ኮምፒውተሩ ካላገዛት አንድ ስንኝ የማትሻገር አለች። መድረክ ላይ በፕሌይባክ አፏን ብቻ የምታንቀሳቅስ አለች። ቴሌቪዥን ላይ ወጥታ እንግዳዋን «ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዴት ነበር?» ብላ ጠይቃ፣ መልሱን ሳትሰማ ጥፍሯን የምታይ አቅራቢም አለች። ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም። እንዲያውም ከእናንተ ይልቅ እኔን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ሰፈሬ ውስጥ ድምፃቸው ጣራ የሚያነሣ፣ ነገር ግን ካሜራ ፊት የሚያቆማቸው ሰው ያጡ ልጆች አውቃለሁ። መልከ መልካሟ በአንድ ቀን የምትገባበትን በር እነሱ ሲያንኳኩ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ግፍ ነው። በዚህ ላይ እኔና እናንተ አንጣላም።

የምንጣላው በዱላው አቅጣጫ ላይ ነው። በሩን የያዘው ማነው? ልጅቷ ናት? ብዙዎቹ የመዝናኛ ፕሮግራሞች በስፖንሰር የሚኖሩ ናቸው። ስፖንሰሩ ሳሙና ይሸጣል፣ ቢራ ይሸጥ ነበር፣ አሁን ቤት ይሸጣል። «ፊት ፈልጉልኝ» ይላል፤ አዘጋጁ ፊት ይፈልግለታል። ጥሩ ጠያቂ አልተባለም፣ ጥሩ ድምፅ አልተባለም፤ ፊት ነው የተባለው። ታዲያ ፊቷን አምጥታ የቆመችው ልጅ ላይ የምንወርደው ውርጅብኝ ለአዘጋጁ አንድ ጠብታ እንኳ አይደርሰውም። ስሙን እንኳ አናውቀውም። ያቺን የክሊፕ ልጅ ስሟን አለማወቃችን እሷን ጎዳት፤ የአዘጋጁን ስም አለማወቃችን ደግሞ እሱን ጠቀመው። አየ አገር!

ሌላው ዓለም ይህን ፈተና እንዴት እንዳለፈው ትንሽ እንይ። ዊትኒ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1981 «ሰቨንቲን» መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣች ሞዴል ነበረች። የመጀመሪያ አልበሟ በ1985 ሲወጣ ሞዴልነቷን ያስታወሰ አልነበረም፤ ድምፁ ሁሉን አስረሳ። ግሬስ ጆንስ ፓሪስ ውስጥ ሞዴል ነበረች፤ በ1977 የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ስንት ዘፋኞች አለባበሷን ወርሰዋል። በሌላ በኩል ናኦሚ ካምቤል አለች። በዓለም ዝነኛዋ ሞዴል በ1994 አልበም አወጣች፤ አልሆነም። ሰው አልገዛውም፤ እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ማንም አልሞተም። ታይራ ባንክስ ደግሞ በ2004 አንድ ዘፈን ሞከረች፤ ብዙም አልተሰማም። ከዓመት በፊት የጀመረችው የሞዴሎች ውድድር ፕሮግራም ግን ለዓመታት ቴሌቪዥን ላይ ነግሦ ቆየ።

ከአራቱ ምን እንማራለን? መሻገር ራሱ ስለ ችሎታ ምንም አይነግረንም። ሁለቱ ዘፈኑ ሠመረላቸው፣ ሁለቱ አልሠመረላቸውም። የፈረደውም ሥራው ነው፤ «ሞዴል አልነበረችም እንዴ?» የሚለው አይደለም። ሰው መሞከር ካልቻለ መውደቅም አይችልም። መውደቅ የማይችል ሰው ደግሞ ዊትኒ ይሁን ናኦሚ በምን እናውቃለን?

ስለዚህ መመዘኛ ከፈለጋችሁ እነሆ ሦስት። ዘፋኝ ነኝ ካለች ባንድ አቁሙላትና በቀጥታ ትዝፈን፤ ያን ጊዜ ጆሯችን ይፍረድ። አቅራቢ ነኝ ካለች አራት ጥያቄዋን ስሙ፤ ሁለቱ ከተዘጋጀ ሰው የወጡ ካልሆኑ ቻናሉን ቀይሩ። ሞዴል ሆና ከቀረች ደግሞ ስሟን ክሊፑ መጨረሻ ላይ ጻፉላት፤ ክፍያዋንም ስብሰባው ሳያልቅ ስጧት። ሦስቱንም ያደረገ ሰው የፈለገውን ያህል ይሳደብ፤ እኔ ጠበቃ አልቆምላትም።

አዝማሪን የናቀ አፍ

ይህ ንቀት ግን ከቴሌቪዥን ጋር አልመጣም፤ ከቴሌቪዥን በፊት ቤታችን ነበር። «አዝማሪ» ስድብ የነበረበት አገር ነው። በዜማው ሠርጋችንን አድምቀን፣ ልጃችንን እንዳንድርለት የምንማማል ሕዝብ ነን። ትያትር ሲጀመር ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር ወንዶች ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። አስናቀች ወርቁ ይህን ነውር ከጣሱት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ቆንጆ ነበረች፣ ለባሽ ነበረች፣ ትተውን ነበር፣ ክራር ትደረድር ነበር፣ ትዘፍን ነበር። በዘመኗ ያልተባለችው ምን አለ? እ.ኤ.አ. በ2011 ስታርፍ ግን ሁላችንም «ባለ ክራሯ እመቤት» ብለን አለቀስን። የአያቶቻችን ሐሜት ወዴት ገባ? የትም አልገባም፤ አድራሻ ቀይሮ የዛሬዋ ልጅ ጋ ደረሰ።

ካዛንቺስ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባት። ስሟ ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የተረፈ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» አፋችን ላይ ተፍጨርጭሮ ካዛንቺስ ሆነ። የጣሊያን ሠፈር የነበረችው የእኛ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆላት የአህጉር ሰፈር ሆነች። ማታ ማታ የአዝማሪ ቤት ሰፈር ነበረች። ከነዚያ ቤቶች አንዱ ፈንድቃ ነው፤ መላኩ በላይ በሽልማት ብር እየጨፈረ፣ እዚያው ቤት ውስጥ እያደረ ኖሮበት በመጨረሻ ባለቤቱ ሆነ፤ ዓለምን የሚዞር ቡድንም መሠረተ። ሰፈሩ ሲፈርስ ፈንድቃም የነበረበትን ቦታ ለቀቀ። ዛሬ ካዛንቺስ ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት ለብሳለች። ይህን ልብስ የወደዳት አለ፣ ያለቀሰላትም አለ፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ነው። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ ይቺ ሰፈር ከነዋሪዎቿ ሁሉ በላይ ሙያ ቀይራለች። «ምን ቤት ነሽ?» ያላት ግን የለም።

ወደ ካፌያችን ልመልሳችሁ። ፕሮግራሙ አልቆ ልጅቷ «በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ» ስትል አስተናጋጇ ሒሳቡን ይዛ መጣች። ሳቃችንን ሰምታው ኖሯል።

«ወንድሞቼ፣ እኔ የሆቴል አስተዳደር ዲፕሎማ አለኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ ፀጉር ቤት እሠራለሁ። እንግዲህ እኔንም ሳቁብኝ» አለችን፤ ፈገግ እያለች።

ማንም አልሳቀም። ባንክ ቤት የነበረው ጓደኛችን ከሁላችን ቀድሞ ኪሱ ገባ። ጉርሻዋን ከወትሮው ጨመር አድርገን ሰጠናት። ግን ይህ ጽሑፍ የጉርሻ ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ካፌ፣ እስከዚያ ካልፈረሰ፣ ያቺ ልጅ ቴሌቪዥኑ ላይ ስትመጣ ድምፁን ከፍ እናደርገዋለን። መጀመሪያ እንሰማታለን። ካልሆነላት ያን ጊዜ እንስቃለን፤ የምንስቀው ግን በሥራዋ ይሆናል።

እስከዚያው አፋችንን በማኪያቶ እንያዝ።